በየጠዋቱ አዲስ የምሥራች

የእኔን የቁልፍ መቅረጫ ሱቅና የእሷን የሶፋ መሥሪያ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሷ መዶሻዋን ስታነሣ እኔ ዘንድ የተሰቀሉት ቁልፎች በሙሉ ይንሿሿሉ። አብረን ያረጀነው እንዲህ እየተንሿሿን ነው።

ሰፈሩ ምስማር ይላታል። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ወንበር ስታለብስ ትንንሾቹን ምስማሮች በከንፈሯ ነክሳ ይዛ አንድ በአንድ እያወጣች ስለምትመታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ምስማሮቹ ካለቁ በኋላ ከዚያው አፍ የሚወጣው ንግግርም የሚወጋ ስለሆነ ነው። የማይረባ ስፖንጅ ይዞ የመጣን ደንበኛ፣ "ይሄን ለጠላትህ ስጠው፤ አንተ መሬት ላይ ብትቀመጥ ይሻልሃል" ብላ ትመልሰዋለች። ሰውየው በሩን ወርውሮ ይወጣል፤ በሳምንቱ ደህና ስፖንጅ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል።

ክፉ ሰው ግን አልነበረችም። ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ወንበር ካሠራ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አስቀምጣው ፊት ለፊቱ ቆማ ታየዋለች። ፊቱ ቅጭም ካለ፣ ምንም ሳይናገር፣ ወንበሩን ተቀብላ እንደ አዲስ ትፈታዋለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሲበዛ ዝምተኛ ነው። "ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲጮህብኝ ይውላል፤ ቤት ስገባ የሚጮህብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እረፍት ማለት ይሄ ነው" ይለኛል። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ አግብታ ወጥታለች፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከዚህ ሌላ የሾፌሩ እናት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በየሳምንቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጡና ምስማር ከሠራችው ሶፋ ሁሉ በተመረጠው ላይ ተቀምጠው፣ "ጀርባዬን ምን እንደወጋኝ እንጃ" ይላሉ። ምስማርም ጥርሷን ነክሳ፣ "ትራስ ላምጣልዎ?" ትላለች። አማትና ምራት "እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቀመጡ" እየተባባሉ፣ አንድም እውነት ሳይነጋገሩ ዓመታት አሳለፉ።

አደጋው የደረሰው ሲያካፋ ባደረ ቀን ጠዋት ነው። ምስማር ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ በትንሽ የጭነት መኪና ላይ አስጭና ከመኪናው ነጂ ጎን ተቀመጠች። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን የመጣ መኪና እርጥቡ አስፋልት አንሸራተተውና መታቸው። መኪናቸው እንደ እንዝርት ሾሮ ቆመ። የነጂው ክንድ ተሰበረ። ሶፋው ከነላስቲኩ ተወርውሮ መንገድ ዳር በአራት እግሩ ቆሞ ተገኘ፤ አንድ ስፌቱ እንኳ አልተተረተረም። ምስማርም ላይ ጭረት አልነበረም።

ግን አልነቃችም።

ሆስፒታል ከባሏ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። በሲቲ ስካን ሲያዩዋት ይህ ነው የሚባል ነገር ስላላገኙ ሾፌሩ ፊቱ ፈካ። "ምንም የለባትም አሉ! ደም የለም፣ ስብራት የለም!" አለኝ። ቀኑ መሸ፤ ነጋ፤ ምስማር ያው ናት። በኋላ ኤምአርአይ ተነሣችና ሐኪሟ አስቀምጣ አነጋገረችን። ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

"መኪናው ሲሽከረከር ጭንቅላቷ አብሮ ተሽከረከረ" አለች። "አንጎል ደግሞ ለስላሳ ነው። የራስ ቅሉ ድንገት ሲቆም አንጎሉ ውስጥ ውስጡን ይጠማዘዛል። ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያመላልሱ፣ ከፀጉር በጣም የቀጠኑ የነርቭ ክሮች አሉ። እነሱ ተስበዋል፤ አንዳንዶቹም ተበጥሰዋል።"

"ቁስሉ የት ጋ ነው ታዲያ?" አለ ሾፌሩ።

"አንድ ቦታ አይደለም። እዚህም እዚያም፣ ትንሽ ትንሽ። በመጀመሪያው ምርመራ ያልታየውም ለዚህ ነው።"

"ይቀጠላል?"

"የተበጠሰው እንደ ድሮው አይቀጠልም። የተሳበው ግን ሊያገግም ይችላል፤ አንጎልም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ምን ያህል እንደምትመለስ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ብነግራችሁ ውሸት ነው።"

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቆም፣ "ቢያንስ እንደ ሚስቴ እውነት የምትናገር ሐኪም ደርሳናለች" አለኝ።

ከእንዲህ ዓይነት እንቅልፍ ሰው ብድግ ብሎ "የት ነው ያለሁት?" እያለ የሚነቃ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ዓይኗ ተከፈተ፤ ግን እኛን አልፎ ግድግዳውን ያያል። ቆይቶ ዓይኗ ሰው መከተል ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን ልጇ "እማዬ፣ እጄን ጭመቂኝ" ስትላት ጨመቀቻት፤ ልጅቷ እጇን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ደግሞ ግራ የመጋባት ጊዜ መጣ። ብርድ ልብሷን ትወረውራለች፣ ካልተነሣሁ ብላ ትታገላለች፣ ነርሷን በሞተች አክስቷ ስም ትጠራለች። ከስም የዘለለ ግን አንድም ሙሉ ዐረፍተ ነገር አልወጣትም። ያ አፍ ዝም ማለቱ ሁላችንንም አስፈራን።

አንድ ቀን እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ደግፋ አንሥታ መስኮቱ ሥር ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ባሏ፣ እማማና እኔ ቆመን እናያለን። ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ወረደና የወንበሩን ጠርዝ መዳሰስ ጀመረ። ጣቷ ስፌቱን ተከትሎ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ጨርቁ የተጨማደደበት ጋ ቆመ። ግንባሯ ተቋጠረ።

"ይሄን... ወንበር..." አለች። ድምጿ ወፍራም ነው፤ እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

ሦስታችንም ጠጋ አልን።

"...ማነው... የሰፋው?"

"እ?" አለ ባሏ።

"እጁ... ይቆረጥ።"

ሾፌሩ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ በሩን በርግዶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። "ተሳደበች! ሚስቴ ተሳደበች!" እያለ ይጮኻል። አንዲት ነርስ ደንግጣ እየሮጠች መጣችና፣ "ማንን ነው የሰደበችው?" አለችው።

"ማንንም ትስደብ! ተሳደበች እኮ ነው የምልሽ!"

እማማ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ ስደቢ" ይሉ ነበር። ምራታቸውን የኔ ልጅ ሲሉ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ወደ ቤቷ ስትመለስ በእግሯ ነው የገባችው፤ ግራ እግሯን ትንሽ እየጎተተች፣ በእጇ ግድግዳውን እየዳበሰች። ቤታቸው ከሱቁ በላይ ስለሆነ ደረጃውን ለመውጣት ግማሽ መንገድ ላይ አረፍ ማለት ነበረባት። እማማ ልብሳቸውን በሻንጣ ይዘው እዚያው ገቡ። "አንተ አውቶቡስህን ንዳ፤ እኔ እሷን አያለሁ" አሉት ልጃቸውን።

ላያት ሰው ደህና ትመስላለች፤ መከራውም እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ሁሉ "ምንም አልሆነችም እኮ!" እያለ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ግን እሷ ፊቷ ይጠወልጋል፤ ቃላቱ ተደራርበው ይመጡባትና አንዱንም አትይዘውም። ሬዲዮ ከተከፈተ ጆሮዋን ትይዛለች። ትንሽ ከሠራች፣ ትንሽ ካሰበች፣ ድካሙ ይጥላታል፤ ሥራ የሚያመጣው ድካም አይደለም፤ ተኝታም ቶሎ የማይለቃት ድካም ነው። ሻይ ቀርቦላት "ጠጪ" እስኪሏት ድረስ ዝም ብላ ታየዋለች። ጠልታው አይደለም፤ የሚያስጀምራት ነገር ነው የጎደለው።

መልሷ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እማማ፣ "ሾርባ ልጨምርልሽ?" ይሏታል። ዝም። ሳህኑ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ወሬው ስለ ዝናብ ይሆናል። ያኔ ምስማር፣ "አዎ" ትላለች። "ዝናቡ ነው?" ይላሉ እማማ። "ሾርባው" ትላለች።

ሐኪሟ ያለችው ቀላል ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር፤ አጭር ንግግር፤ ከጠየቃችሁ በኋላ ጠብቁ፤ ሳይደክማት በፊት ትረፍ። እማማ በሕይወታቸው ማንንም ጠብቀው አያውቁም። የሰው ዐረፍተ ነገር ራሳቸው የሚጨርሱ ሴት ነበሩ። አሁን ጠይቀው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ አፋቸውን በእጃቸው ሲይዙ አይቻለሁ።

ሌላም የጠፋ ነገር አለ፤ የምስማር አፍ ልጓም። ድሮ ደንበኛ ላይ ብቻ ነበር የምትለቀው፤ አሁን ሁሉም ላይ ሆነ። አንድ ቀን እማማ እንደ ልማዳቸው ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ "ጀርባዬን ምን እንደወጋኝ እንጃ" አሉ።

ምስማር አየቻቸው። አሰበች። ከዚያ፣ "ሶፋው ደህና ነው። የምትዋሺው አንቺ ነሽ" አለች።

ሾፌሩ ያነሣው ኩባያ አየር ላይ ቀረ። ዋሾ መባሉ ይቅርና፣ "አንቺ"! ለአማት፣ ያውም ለእማማ፣ "አንቺ"! እማማ ፊታቸው ቀላ፤ አፋቸው ተከፈተ፤ ተዘጋ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎን ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"እውነቷን ነው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሶፋው ምንም የለበትም፤ ምንም ኖሮበት አያውቅም። ለመናገር ያህል ነው የምለው። ደግሞ ተዋት፣ አታርማት፤ እህቶቼ ካለቁ ወዲህ አንቺ የሚለኝ ሰው አጥቼ ነበር።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እንደ ጓደኛ ሆኑ። "አንቺ" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ከሱቄ ድረስ ይሰማኛል።

ልጅቷ እርጉዝ መሆኗን ያወቀችው በዚሁ ሰሞን ነው። በእረፍት ቀኗ መጥታ እናቷ ፊት በርከክ አለችና እንደተመከረችው በአጭሩ፣ "እማዬ፣ አርግዣለሁ" አለቻት።

ጠበቅን። የምስማር ፊት መጀመሪያ እንደተለመደው ዝም ያለ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ሰፋ፤ ጉንጯ ተነሣ። ማንም ተነሺ ሳይላት ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች። ልጇን አቅፋ፣ "የኔ ልጅ! የኔ ልጅ እናት ልትሆን!" እያለች ታለቅስም ትስቅም ጀመር። ራሷ አስባ፣ ራሷ ተነሥታ! ደስታችን ሁለት ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት እማማ፣ "ለሕፃኑ ሹራብ እጀምራለሁ" አሉ።

"የምን ሕፃን?" አለች ምስማር።

እዚያው ያደረችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። አባቷ ግን ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠና እጇን ያዘ። "ልጃችን አርግዛለች" አላት። እንደገና ያው ፊት፤ ያው የሰፋ ዓይን፤ እንደገና ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች። "የኔ ልጅ እናት ልትሆን!" በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ከአደጋው በፊት ያለውን ሁሉ ታስታውሳለች፤ አዲስ ነገር ግን አንድ ሌሊት አድሮ አይገኝም።

በሳምንቱ መጨረሻ የቤቱ ሰው ማልቀሱን ተወ። ከዚያ ይልቅ ተራ ያዘ። እንዲያ ያለ ደስታ በየጠዋቱ ማብሠርን ማን ይጠላል? ሾፌሩ ሥራ ከመግባቱ በፊት መንገር ይፈልጋል፤ እማማ "አንተ ትላንት ነግረሃል!" ይሉታል። አማቹ፣ የልጅቷ ባል፣ "እኔም እኮ አባቱ ነኝ፣ ተራ ስጡኝ" ብሎ ከሥራ በፊት እየከነፈ ይመጣል። አንድ ጠዋት ሾፌሩ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ "ጎረቤት፣ ዛሬ አንተ ንገራት" አለኝ። እጄን ታጥቤ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ደረጃውን ወጣሁ። ነገርኳት። ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝና፣ "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደህና ወሬ የምታመጣው?" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስቀርጽ ብቻዬን እየሳቅሁ ዋልኩ።

ሁሉም ጠዋት ግን እንደዚያ አልነበረም። የልጅቷ ሆድ መግፋት ሲጀምር ምስማር አንድ ቀን ሆዷን አተኩራ አየች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

"ይሄ ዛሬ የጀመረ አይደለም" አለች። "ነግራችሁኛል አይደል?"

"ነግረንሻል።"

"ብዙ ጊዜ?"

ሾፌሩ መዋሸት አልፈለገም። "ብዙ ጊዜ።"

 የልጇን ሆድ እንደገና አየች። "ሁልጊዜ ደስ አለኝ?"

"ሁልጊዜ።"

አሰበች። "ጥሩ" አለች። ከዚያ ደከመኝ ብላ ተኛች። ሾፌሩ ያን ቀን ለሥራ ሲወጣ ሱቄ ገብቶ ትንሽ ተቀምጦ ሄደ።

ከዚያ ደግሞ የእማማ ተራ የሆነ ጠዋት መጣ። እማማ ለተራቸው ይለብሳሉ፤ የክት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ። "ምራቴ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ..."

"ስለ እርግዝናው ነው?" አለች ምስማር። "አውቃለሁ። ትላንት ነግራችሁኛል።"

እማማ እልል አሉ፤ ሾፌሩ ጢሙን በግማሽ እንደላጨ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ፤ እኔ ጩኸቱን ሰምቼ የሆነ ነገር የተከሰተ መስሎኝ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ሁሉም ሲተቃቀፍ እማማ ድንገት ወንበር ላይ ዘፍ አሉና፣ "ምናለ ነገ ብታስታውሺ! ዛሬ እኮ ተራው የኔ ነበር!" አሉ።

ከዚያ በኋላ መርሳቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀስ በቀስ ግን አንዳንዱ ነገር እያደረ ይገኝ ጀመር። እግሯም ጠነከረ። ልጅቷ ወንድ ልጅ ስትወልድ ምስማር ሆስፒታል ድረስ በራሷ እግር ሄዳ አቀፈችው፤ በማግሥቱ ማንም ሳያስታውሳት፣ "ልጁ እንዴት አደረ?" አለች።

ሱቋን የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ወንበር ብቻዬን ልሥራ አለች፤ ተዉአት። እጇ እንደ ድሮው ነበር፦ የሽቦ ሞላውን አሰረች፣ ጆንያውን ወጠረች፣ ጨርቁን ቆረጠች፣ ምስማሩን ነክሳ መታች። ጨርሳ ዞር ስትል ስፖንጁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሳታስገባው ነው ያለበሰችው። መዶሻውን ወርውራ ተበሳጭታ ወጣች።

ሐኪሟ ስትጠየቅ፣ "የእጅ ሙያው አለ፤ የላላው የሥራው ቅደም ተከተል ነው" አለች። በማግሥቱ እማማ ወደ ሱቁ ወርደው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀመጡና፣ "በይ ጀምሪ" አሉ። ምስማር ሞላውን አስራ ስትጨርስ፣ "ቀጥሎስ?" አሉ። ጠበቁ። "ጆንያ" አለች ምስማር። ጆንያው ሲያልቅ፣ "ቀጥሎስ?" ረዘም ያለ ዝምታ። "ስፖንጅ" አለች፤ ሁለቱም በአንድ ላይ በረጅሙ ተነፈሱ።

አሁን እንዲህ ነው የሚሠሩት፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ። ሬዲዮ የለም። እኔም ማሽኔን የማስነሣው እሷ ላይ ቤት ወጥታ ስታርፍ ነው፤ ደንበኞቼ ለምደውታል። ሥራዋ እንደ ድሮው ቶሎ አያልቅም፣ ግን አንድም ሰው ወንበር መልሶባት አያውቅም። እማማም ሙያ ለምደው አስተያየት መስጠት ጀምረዋል።

"ይሄ ሞላ አልጠበቀም" ይላሉ።

"አንቺ ስለ ሞላ ምን ታውቂያለሽ?"

"እኔ አላውቅ ይሆናል፤ ሰባ ዓመት የተቀመጥኩበት ቂጤ ያውቃል።"

ልጅቷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኑን ማን ይያዘው የሚለው አከራከረ። በመጨረሻ ለሁለቱ ተሰጠ፤ እማማ ሳይኖሩ ምስማር ብቻዋን እንዳትይዘው ተስማሙ፤ እሷም "ልክ ነው፣ ልረሳው እችላለሁ" አለች። ሲያለቅስ ጩኸቱ ጭንቅላቷን ስለሚወጋት ለእማማ ሰጥታ ወጣ ትላለች፤ ዝም ሲል ትመለሳለች። በቀረው ሁሉ ግን ተገጣጥመዋል። እሱም ቀን ይተኛል፣ እሷም ቀን ትተኛለች። እሱም አያስቸኩላትም።

ባለፈው ሳምንት የሾፌሩ የእረፍት ቀን ነበርና ከእሱ ጋር እየተጫወትኩ እነሱ ቤት ነበርኩ። ምስማር ሚዛኗን መጠበቅ የምትለማመድበት ወለሉ ላይ የተለጠፈ መስመር አለ፤ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያደረገች ትሄድበታለች። መሐል ላይ ስትደርስ ዘመም አለችና እጆቿን እንደ ወፍ ዘርግታ ቆመች። ምንጣፉ ላይ የተጋደመው ሕፃን ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ከዚያ በፊት ፈገግ ይል ነበር እንጂ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ምስማር ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ሆን ብላ ወደ ሌላው ጎን ዘመመች። ሕፃኑ ተንከተከተ። እሷም ሳቅ ያዛት፤ ከአደጋው ወዲህ ሳቅ አንዴ ከጀመራት ማቆም አይሆንላትም፤ ሰው ፊት እየሆነባትም ታፍር ነበር። ያን ቀን ግን ፊት ለፊቷ ያለውም ማቆም የማይችል ነበር። እሷ ስትስቅ እሱ ይብስበታል፤ እሱ ሲብስበት እሷ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። ሾፌሩ መሬት ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። እማማ ከወጥ ቤት እየተጣደፉ መጥተው፣ "ምንድነው? ንገሩኝ እንጂ፣ ምንድነው?" ይላሉ፤ ማን ትንፋሽ ኖሮት ይመልስላቸው።